የጠረግኩት ቅባት

ባለፈው የገበያ ቀን ላፕቶፔ ጭኔ ላይ ጋለ፣ ጋለና ድርግም አለ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰቆጣ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ተክዬ ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ ባለጉዳዩ በወንድሙ ላይ ያለውን ቅሬታ ገና ሳያጋምስ ነው ስክሪኑ የጠቆረው። «ምነው እትዬ ጽጌ፣ መብራት ሄደ እንዴ?» አለኝ። ባትሪ ላይ ያለ ዕቃ መብራት አይሄድበትም ብዬ ላስረዳው አልሞከርኩም። እጄን ከሥሩ ሳስገባ የፈጀኝ ሙቀት ሃያ ምናምን ዓመት ወደ ኋላ ጎትቶ ወስዶኝ ነበር። ያንን ሙቀት አውቀዋለሁ። የአንዲት እናት ልጅ በልቶብኛል።

ዕቃዬን ጠቅልዬ ወደ ዘሃራ ሱቅ ወረድኩ። ሱቁ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚወርደው መንገድ ጥግ ላይ ነው። ዛሬ ቻርጀርና የስልክ መሸፈኛ የተንጠለጠለበት ግድግዳ ያኔ የአባቷ የሐጂ መደርደሪያ ነበር፤ ስኳርና ጨው በጆንያ፣ ላምባ በበርሜል፣ ክብሪት፣ የኩራዝ ክር፣ የልብስ ሳሙና። ስኳር በኪሎ አምስት ብር ሲገባ «ጉድ ፈላ፣ ከእንግዲህ ሻይ ቀረ!» ብለን የተማማልነው እዚያ ባንኮኒ ላይ ተደግፈን ነው፤ አልቀረም፣ ዛሬ በስንት እንደምገዛው ባልናገር ይሻላል። ሐጂ ስኳሩን መዝነው ወረቀት እንደ ቀንድ ጠቅልለው ይሞሉልን ነበር። ወደዚያ ወረቀት እመለሳለሁ፤ እሱም ራሱን የቻለ ቁስል ነው። ዘሃራ ይህን አታውቅም፤ ያኔ እናቷ ጀርባ ላይ ነበረች። ዛሬ ባለሙያ ሆናለች። ላፕቶፔን ገልብጣ ጥፍር በምታህል መፍቻ ፈታችው፣ ማራገቢያውን አነሳችና «አሃ» አለች። «ቅባቱ ደርቋል እትዬ ጽጌ። አንጎሉ ላይ የሚቀባ ቅባት አለ፣ ሙቀቱን ወደ ብረቱ የሚያሻግር። እሱ ሲደርቅ ይግልና ራሱን ለማዳን ይጠፋል።» ከመሳቢያዋ መርፌ የሌላት ሲሪንጅ የመሰለች ነገር አወጣችና ግራጫ ቅባት ጠብ አደረገችበት። የምስር ፍሬ ብታህል ነው።

«ይችው ናት?» አልኳት።

«ይችው ናት። ከበዛ ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም።»

የደንበኛ ወንበሩ ላይ ዘፍ አልኩ። «ምነው፣ አመመዎት እንዴ?» ብላ ውሃ ልታመጣ ተነሳች። «ተቀመጪ፣ ውሃው ይቅርብኝ፣ ስሚኝ» አልኳት። ለባሌም፣ ለነፍስ አባቴም ሙሉውን ያልነገርኩትን ነገር ለሐጂ ልጅ መናገር ጀመርኩ። ሰው ሲያረጅ አፉ እንደ አሮጌ ቁልፍ ይሆናል፤ ሳይታሰብ ይከፈታል።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ እኔ ዘመን የምቆጥረው በልብስ ነው። ሽንሽን ጉርድ ቀሚስ የሚለበስበት፣ ሹራብ ትከሻ ላይ ጣል የሚደረግበት፣ ካሴት ቤቱ አንዱን ዘፈን ከጧት እስከ ማታ እየመላለሰ የሚያደነቁረን ጊዜ ነበር። ሻይ በሃምሳ ሳንቲም፣ ያውም ከነ ቅርንፉዱ። እኔ የመሥሪያ ቤታችን ታይፒስት ነኝ፤ ጣቴ ፈጣን፣ ምላሴ ከጣቴ የፈጠነ። ከሁሉ በላይ ግን ንጽህና! አቧራ ካየሁ ያመኛል። ጠረጴዛዬ ላይ ሰው ክርኑን ካሳረፈ እሱ ሲወጣ እወለውላለሁ። ሰቆጣ ውስጥ ደግሞ አቧራ ምን ያህል እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ በበጋ ነፋሱ ከአበርገሌ በኩል ሲመጣ ጥርስ ውስጥ ይንቋቋል። ባልደረቦቼ «ጽጌ ሞታ መቃብሯ ላይ አፈር ሲመልሱባት ተነስታ ትጠርገዋለች» ይሉኝ ነበር። እኔም እኮራበት ነበር፣ ሞኝ።

ኮምፒውተሩ የመጣው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ከወልድያ በሚመጣው መኪና ኋላ ወንበር ላይ በሁለት ሰው መሐል ተቀምጦ ነው። አንድ ክፍል ተሰጠው። ለእኔ በአሥራ አምስት ዓመት አገልግሎት መጋረጃ ያልተገዛልኝ፣ ለእሱ በገባ በሳምንቱ ተገዛለት። በሩ ላይ «ጫማ አውልቁ» የሚል በገዛ እጄ ጽፌ ለጠፍኩ፤ ኃላፊያችን ሳይቀሩ ያወልቁ ነበር፣ የቀኝ ካልሲያቸው አውራ ጣት እንደተቀደደ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ያወቀው በዚያ ነው። ዳንቴል ሠርቼ አለበስኩት። ለስክሪኑ አንድ፣ ለሳጥኑ አንድ፣ ጠርዙ ላይ ጽጌረዳ ያለበት። ዛሬ ሳስበው መተንፈሻውን ነበር የደፈንኩት። መብራት የሚሰጠው የእኛው ጀነሬተር ሲሆን፣ ጀነሬተሩን የሚያስነሳው ዘበኛችን አያ ኪሮስ ነው፤ ገመዱን በጎተተ ቁጥር የማይጠራው ታቦት አልነበረም።

የተሰጠኝ ሥራ ቅጽ መገልበጥ ነው። በክፉው ቀን፣ ያ ረሃብ ጊዜ፣ ከዋግ ተጭነው ወደ ምዕራብ ለሰፈራ የተወሰዱት ሰዎች ዘመድ ፍለጋ ቅጽ ሞልተው ልከው ነበር፤ በካርቶን፣ በካርቶን። ስም፣ የእናት ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ ልዩ ምልክት፣ ከሁሉም በስተመጨረሻ አሁን የሚኖሩበት ሰፈር። ከጥር እስከ ሐምሌ ጻፍኩ። ታይፒስት የሆነ ሰው ይህን ያውቃል፤ ዓይን ያነባል፣ ጣት ይመታል፣ ልብ ሌላ ቦታ ነው። የስንቱ እንባ በእጄ አለፈ፣ እኔ ግን ለምሳ ምን እንደምሠራ አስብ ነበር። ስጨርስ ኃላፊያችን «እንግዲህ ሁሉም ማሽኑ ውስጥ ገብቷል፣ ወረቀቱ ቤት ከሚያጣብብ ይነሳ» አሉ፤ ካርቶኖቹ በሰው ሸክም ሐጂ ሱቅ ወረዱ፣ ለስኳር መጠቅለያ። ማተሚያው ቀለም አልነበረውም። ቅጂ ማስቀመጥ የሚባል ነገር መኖሩን ደግሞ ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ነሐሴ ገባ። የአገሬን ሰው ታውቁታላችሁ፤ ለሻደይ ያልተለቀለቀ ቤት፣ ያልታጠበ ዕቃ አይኖርም። ልጃገረዶቹ በወገባቸው ቅጠሉን አስረው ከበሮ እየመቱ በየደጁ ሲመጡ ቆሻሻ ቤት ማግኘት ነውር ነው። እኔም ቢሮዬን ታጥቄ ያዝኩ። መስኮቱን ወለወልኩ፣ ዳንቴሉን አጥቤ አሰጣሁ፣ ከዚያ ዓይኔ ሳጥኑ ላይ አረፈ። የተከለው ባለሙያ ሲፈታው አይቻለሁና መፍቻ ከአያ ኪሮስ ተውሼ ፈታሁት። ውስጡ አቧራ ብቻ! በላባ ጠራረግኩ። ማራገቢያውን ከነብረቱ ነቅዬ ሳነሳ ሥሩ ላይ ነጣ ያለ፣ የተጋገረ፣ የጥርስ ሳሙና የመሰለ ነገር ተለጥፏል። «አየሽ፣ የከተማ ባለሙያ ሥራው እንዲህ ነው፣ አዝረክርኮት ሄደ!» አልኩ። ጥጥ በላምባ ነክሬ ፈተግሁት። ከላይም ከታችም ፈተግሁት። ፊቴን እስከማይበት ድረስ አጸዳሁትና መልሼ ገጠምኩት። በዚያ ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ለዘሃራ ስነግራት በእጇ አፏን ያዘች።

ከበዓሉ ስንመለስ ማሽኑ መታመም ጀመረ። ተከፍቶ እስኪያልቅ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል፤ ከዚያ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይሠራ ድርግም። ስልክ ቤት ሄጄ ግማሽ ቀን ወረፋ ጠብቄ ያንን ባለሙያ አገኘሁት። መስመሩ እየተቆራረጠ «ከማራገቢያው ሥር ነጭ ቅባት ነበር፤ አለ?» አለኝ። ኩራቴ ነው ያጠፋኝ። «እኔ አልነካሁም» አልኩት። «እንግዲያው ደርቆ ይሆናል፣ ያለ እሱ አንጎሉ ይግላል። እዚያ አይገኝም፣ በሚመጣ ሰው እልክልሻለሁ፣ እስከዚያ አትክፈቱት» አለ። እልክልሻለሁ የተባለ ዕቃ ሰቆጣ እስኪደርስ ጥጃ ወይፈን ይሆናል። እኔም ዳንቴሉን አልብሼ ተውኩት።

መስከረም ላይ በአንድ የገበያ ማግሥት እመት ደብሬ መጡ። ከአበርገሌ ቆላ ሁለት ቀን በእግራቸው መጥተዋል። ቀጠን ያሉ ሴት ናቸው፣ ነጠላቸው የአፈር ቀለም ይዟል፣ አናታቸው ላይ ለጋ ቅቤ ተቀምጦ በግንባራቸው ይወርዳል። አማርኛቸው ከኽምጣና ጋር የተጋባ ስለሆነ ሲቸኩሉ ወደዚያው ይገባሉ፤ እኔም የእናቴ ቋንቋ ነውና እከተላቸዋለሁ። የበር ላይ ወረቀቴን ማንበብ አይችሉም፤ ግን ጫማዎቹን አይተው የኮንጎ ጫማቸውን ሳይነገራቸው አወለቁ።

«ልጄ፣ ስም መጣ የሚሉት እዚህ ነው?» አሉኝ። ሴት ልጃቸው ለምለም በክፉው ቀን ከአክስቷ ጋር ስትጫን የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። «እኔ ከታናሿ ጋር ታምሜ ቀረሁ። ታናሿ ሞተች። እሷ ብትኖር አላውቅም፣ ብትሞትም አላለቀስኩላት።»

«ምልክት አላት?» አልኩ፣ እንደ ደንቡ።

«እሷ የላትም። እኔ ነኝ ያለኝ» አሉና ግራ እጃቸውን ከነጠላቸው ሥር አወጡ። ከጣታቸው እስከ አንጓቸው የእሳት ጠባሳ ነው። «ከምድጃ ሳወጣት ነው፣ ዳዴ ስትል።»

ክው አልኩ። ይህን ጽፌዋለሁ! ከዚያ ሁሉ ካርቶን ውስጥ ልቤ የሰማው አንድ መስመር ቢኖር ይህ ነው። «እናቴ በግራ እጇ የእሳት ጠባሳ አላት፣ እኔን ስታወጣ ነው።» ያን ዕለት ለአፍታ ጣቴን አቁሜ ነበር። «እመት ደብሬ! አለች! በሕይወት አለች፣ እርስዎን ትፈልጋለች፣ በዚህ እጄ ጽፌዋለሁ!» ብዬ ጮህኩ። እልልታቸው ኃላፊያችንን ከቢሮ አስወጣ፤ አያ ኪሮስም ሌባ የተያዘ መስሎት ዱላውን ይዞ ሮጠ። መሬቱን ሳሙ፣ እኔን ሳሙ፣ ዳንቴሉን ሳሙት። ከዚያ ቀና ብለው «የት ናት?» አሉኝ።

የት ናት? እሱን አላውቅም። ጠባሳውን አስታወስኩ፣ ሰፈሩን አላስታወስኩም። ስንት ሰፈር ጻፍኩ፣ ሁሉም ስማቸው ቁጥር ነው፣ መንደር አንድ፣ መንደር ሰባት፣ መንደር ዐርባ ምናምን። ያለው እዚያ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ሳጥኑ ደግሞ ያለ ቅባት ነው።

ይባስ ብሎ ጊዜ አልነበረንም። በዚያው ሳምንት ከሰፈራ ለአባቱ ተዝካር የመጣ አንድ ሰው ሐሙስ ጧት በጭነት መኪና ሊመለስ ነበር። «ሰፈሩን ንገሩኝ እንጂ እጇን ይዤ አገናኛታለሁ፣ መልስም እልካለሁ» ብሎ ምሎላቸዋል። እንደሱ ያለ ሰው መቼ እንደሚገኝ ማን ያውቃል? ያኔ ስልክ በየኪሱ የለ። ቀኑ ማክሰኞ ነው።

መጀመሪያ ሐጂ ሱቅ ሄድን። ሐጂ ነገሩን ሲሰሙ ደንበኛቸውን ትተው የወረቀቱን ክምር ባንኮኒው ላይ ዘረገፉ። «ያ አላህ፣ ይህ የሰው ስም ነው እንዴ? እኔ ቁጥር መስሎኝ!» እያሉ አንድ በአንድ አገላበጡ። ካርቶኖቹ አልቀው የቀረው እፍኝ የማይሞላ ነበር። ለምለም የለችበትም። የማን ቤት ስኳር ይዛ እንደገባች፣ የማን ምድጃ እንዳቀጣጠለች እንጃ። ሐጂ ከዚያ ቀን በኋላ የተጻፈበት ወረቀት መጠቅለያ አላደረጉም።

ያን ዕለት ከሰዓት ማሽኑን ከፈትነው። ዝርዝሩ በፊደል ተራ አይደለም፣ ቅጹ በመጣበት ተራ ነው፤ መፈለጊያ የሚባለውን ትእዛዝ ደግሞ ያኔ አላውቀውም። ገጽ በገጽ እያወረድኩ ዓይኔን አፍጥጬ ስሄድ ገጽ ሃያ ላይ ድርግም። ጠብቀን ከፈትን፣ ድርግም። እመት ደብሬ ማንበብ አይችሉም፣ ግን ከኋላዬ ቆመው ስክሪኑን እንደ ሥዕል ያዩት ነበር፤ በጠፋ ቁጥር ትንፋሻቸው አንገቴ ላይ ሲቋረጥ ይሰማኛል። ረቡዕ ጠዋት በብርድ እንሞክር ብለን ሳጥኑን መስኮት ሥር አወጣነው። አያ ኪሮስ በእጅ ማራገቢያ ሲያራግብ፣ እሳቸው ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ እያራሱ ከጎኑ ሲለጥፉ፣ እኔ ገጽ ሳወርድ፣ ዐርባ ደረስን። ጠፋ። በዚያ ቀን አሥር ጊዜ ቢሞከር ነው። ራሴን ሊያዞረኝ ደረሰ። አንድም ጊዜ ግን «የጠረግኩት እኔ ነኝ» አላልኩም። ማሽኑ ታሟል፣ ይላል አፌ። ታሟል!

ሐሙስ ጧት በአሥራ ሁለት ሰዓት ተገናኘን። መኪናው የሚነሳው በሦስት ሰዓት ነው። ማሽኑ ሌሊቱን በሙሉ ቀዝቅዞ ስላደረ ጥሩ ተነሳ። እየዘለልኩ ወረድኩ፣ ሃምሳ፣ ሃምሳ አምስት፣ ስድሳ። ስድሳ ሁለት ላይ «ለምለም» የሚል አየሁ። የእናት ስም ደብሬ። ትውልድ አበርገሌ። «ይቻት! አገኘኋት!» አልኩ። ሠንጠረዡ ግን ከስክሪኑ ይሰፋል፤ ሰፈሩ ያለው በስተቀኝ ጥግ ነው። ወደ ቀኝ የሚወስደውን ቁልፍ ተጫንኩ። የትውልድ ቦታው አለፈ። ምልክቱ መጣ፣ የእሳት ጠባሳው። አንድ ጊዜ ደግሜ ብጫን ሰፈሯ ነው። ተጫንኩ። ድርግም።

እስካሁን ጣቴ ላይ አለ፣ ያ አጫጫን።

ደግመን ስንከፍተው ገና ሳይነሳ ጠፋ። ደገምን፣ ጠፋ። ሁለት ሰዓት ሆኖ ነበር፤ ጀነሬተሩም ነዳጁ ሊያልቅ እየተንተፋተፈ ነው። እንዲነፍስበት የሳጥኑን ክዳን ፈታሁት። እመት ደብሬ ማራገቢያው ሥር ያለውን ብረት በጠባሳው ጣታቸው ነካ አድርገው «ውይ! አናቱ ነዷል!» አሉ። አያ ኪሮስም «ታዲያ ሰው አናቱ ሲነድ ምን ይደረግለታል? ያው ለጋ ቅቤ ነው እንጂ» አለ። እሳቸው ፊታቸው በራ። የአበርገሌ ሰው ናቸው፤ በዚያ ሐሩር ያለ ቅቤ የሚወጣ አናት የለም፣ ሕፃን ሲወለድ ቅቤ፣ ሙሽራ ስትዳር ቅቤ፣ ራሱን ያመመው ሰው ቅቤ። ለእኔ ስጦታ ብለው በቅጠል ጠቅልለው ያመጡትን ከቋጠሯቸው አወጡ። ዓይኔን ዓይኔን አዩኝ። «ልቀባው?»

እኔ ነኝ እንግዲህ ዐዋቂዋ። ባለሙያው «ቅባት» ብሏል፤ እንዴት ያለ ቅባት እንደሆነ ግን አልጠየቅኩትም፣ ስለዋሸሁት ስልኩን ቶሎ ልዘጋው ነበር የቸኮልኩት። ቅቤም ቅባት ነው፣ ያበርዳል፣ ይህን የማያውቅ የዋግ ሰው አለ? «ይቀቡት» አልኩ። ማራገቢያውን አነሳሁላቸው። በዚያ በጠባሳው እጃቸው፣ የልጅ አናት እንደሚቀባ፣ እየዳበሱ ቀቡት። በኽምጣና የሆነ ነገር ያንሾካሽኩለት ነበር፤ የሰማሁት የልጅቷን ስም ብቻ ነው።

ተነሳ! ያለ ወትሮው ተነሳና ቆየ። ዝርዝሩን ከፈትኩ። አያ ኪሮስ «እሰይ፣ እሰይ» ይላል። ገጽ ሠላሳ፣ ዐርባ፣ ሃምሳ። ከዚያ ቤቱን አንድ ሽታ ሞላው፤ የቅቤ ማንጠሪያ ሽታ፣ የበዓል ዋዜማ ሽታ። የቀለጠው ቅቤ በአረንጓዴው ሰሌዳ ላይ ቁልቁል ሲወርድ አየሁት። ጠሽ አለ። ጭስ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ያ ማሽን ሰው አላየም።

መኪናው በሦስት ሰዓት ጥሩንባውን ነፋ። ሰውዬው «እንግዲህ በየሄድኩበት እጠይቃለሁ» ብሎ ሄደ፤ ሰው በየሄደበት ምን ያህል ይጠይቃል? እመት ደብሬ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው ቅቤ የነካ እጃቸውን ያዩ ነበር። «እኔ ነኝ» አሉ። «ልጄን በገዛ እጄ ከእሳት አወጣኋት፣ በገዛ እጄ መልሼ ከተትኳት።» አያ ኪሮስ እኔን ያየኛል፣ እኔ መስኮቱን አያለሁ። ያኔ ነበር መናገር። «የለም፣ እናቴ፣ እኔ ነኝ፣ ቅባቱን በሻደይ የጠረግኩት እኔ ነኝ» ማለት ነበር። ሥራዬን ያሳጡኛል ብዬ ፈራሁ፣ አፈርኩ፣ ምን አባቴ እንደሆንኩ አላውቅም። «አይዞዎት፣ ማሽን ነው፣ ይሠራል» አልኩ። ቅባቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ በፖስታ ደረሰ፤ ሲሪንጁ መሳቢያዬ ውስጥ ሳይከፈት ደረቀ።

ለሰፈራዎቹ ደብዳቤ ጻፍኩ። መልሱ «ቅጾቹ ወደ እናንተ ተልከዋል» የሚል ነበር። እመት ደብሬ ግን በየዓመቱ ለሻደይ መምጣት አልተዉም። ሁለት ቀን ተጉዘው፣ ቅቤያቸውን በቅጠል ይዘው፣ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ይገባሉ። ተቀምጠው ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ ስለ ማሽላው፣ ስለ ፍየሎቹ ያወራሉ። ሊነሱ ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «በረደ ወይ?» ይሉኛል። «ገና ነው» እላቸዋለሁ። «እሺ፣ አትቸኩሉበት» ይሉና ይሄዳሉ። ባዶ ጠረጴዛ ነበር የምናየው፤ ማሽኑ ዕቃ ቤት ከገባ ቆይቷል። ቅቤውን ግን ልቀበል ግድ ነው፣ መመለስ ነውር ነው። ቤቴ ወስጄ ለጎረቤት እሰጥ ነበር፤ በአፌ አልዞረም።

በስተመጨረሻ አንድ ሻደይ ቀሩ። በእሳቸው ፈንታ ጎረቤታቸው መጣች፣ ቅቤውን በቅጠል ይዛ። «ደብሬ ሐምሌ ላይ ዐረፈች። ይህን ለጽጌ አድርሺ ብላለች። ማሽንሽን ስላበላሸሁብሽ ይቅር በይኝ በያት ብላለች» አለችኝ።

ይቅር በይኝ! እኔን!

ዘሃራ ይህን ሁሉ ስትሰማ እጇ ሥራውን አላቋረጠም፤ ክዳኑን መልሳ እያሰረች ነበር። ከዚያ ቀና አለችና ግራ ገብቷት «ታዲያ ዲስኩን አላወጣችሁትም?» አለችኝ።

«የምን ዲስክ?»

«ጽሑፉ ያለበትን ነዋ። ቅቤው ያቃጠለው ሰሌዳውን ነው። ጽሑፉ ሌላ ቦታ ነው የሚቀመጠው፣ እንዲህ መጽሐፍ የምታህል ብረት ውስጥ። ያችን ነቅሎ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መሰካት ብቻ ነበር። ዲስኩማ ምን ይሆናል? ደህና ነበር።» እንደነገረችኝ ነገሩ ገባትና መፍቻዋን አስቀመጠች።

ደህና ነበር። ዘጠኝ ዓመት እኔ ከምቀመጥበት ግድግዳ ማዶ፣ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ገጽ ስድሳ ሁለት ላይ፣ ለምለም ከነሰፈሯ ደህና ነበረች። እናቷ እኔ ዘንድ ተቀምጠው ስለ ፍየል ሲያወሩ ከእሷ የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ነበር። ከዚያ አሮጌ ዕቃ ሲወገድ የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ «ኮምፒውተር፣ የተቃጠለ፣ አንድ» ብዬ፣ ከሥሩ ፈርሜ። ብረት ሰብሳቢ ጭኖ ሲወስደው «እፎይ፣ ቤቱ ጸዳ» ማለቴም ትዝ ይለኛል።

ዘሃራ የመጨረሻዋን ብሎን አሰረች። ላፕቶፑን ከፈተችው፤ ተነሳ፣ ያ የባለጉዳዩ ማመልከቻ እንዳለ መጣ። ጥቂት አቆየችውና መዳፏን ከሥሩ አስገብታ ለካችው፣ የእኔንም እጅ ይዛ አስገባችው። «ይዩት እስቲ እትዬ ጽጌ» አለች ቀስ ብላ። «በረደ አይደል?»

እጄን እዚያው አቆየሁት።

«በረደ፣ እመት ደብሬ» አልኩ። «የጠረግኩት እኔ ነኝ።»